እስኪበስል

ከሰባት ዓመት በኋላ ሶዶ ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከባጃጁ ወርጄ ፊት ለፊቷ ስደርስ አንገቷን እንደ ዶሮ ወደ ጎን ሰበር አድርጋ ጭንቅላቷን ከፍ ዝቅ አደረገች። ፊቴን እየፈለገችው ነበር። ስታገኘው ሳቀች፤ አቅፋ ስማኝ ስታበቃም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እንደ ምስራች፣ «የግራው በስሎ አልቋል፤ የቀኙ ነው ትንሽ የቀረው» አለችኝ።

እኅቴ ፋና ሻንጣዬን እየጎተተች፣ «እንኳን ደህና መጣህ ሳትዪው!» ብላ ተቆጣቻት።

«መምጣቱንማ እያየሁት! ዓይኔን ነው እሱ ያላየው።»

እናቴ አሳየሽ ሶዶ ገበያ ውስጥ ቅቤ ነጋዴ ናት። የገጠር ሴቶች በኮባ ጠቅልለው የሚያመጡትን ትገዛለች፤ ለጋውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከበሳሉ ለይታ ትሸጣለች። ለጋው ለራስ ነው፣ በሳሉ ለወጥ። ቅቤ በችኮላ እንደማይበስል፣ ሸፍነው ካስቀመጡት ግን ጊዜው ሲደርስ ራሱ እንደሚናገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በዚያ ገበያ አልነበረም።

ጎረቤታችን አቶ ባዳቾ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዓመታት በፊት ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት በዘመቻ ለመጡ ሐኪሞች ታዩ፤ «ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ይመለሱ» ተባሉ። ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው ሞራው ወጣላቸው። ፋሻው ሲፈታ የሐኪሙን ክራባት ቀለም ጠርተው አለቀሱ። ይህን ታሪክ ያልሰማ ሰው በሰፈራችን የለም፤ በቤተ ክርስቲያንም ሁለት ጊዜ መስክረውታል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር ዓይንን የሚይዘው በሽታ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሞራ። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ መጠበቅ።

እናቴ በስልክ የነገረችኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ፊንላንድ፣ ቱርኩ የምትባል ከተማ ውስጥ ነበርኩ። የማጠናው ትምህርት፣ ዛሬ ስናገረው አፌ ላይ ይመረኛል፣ ሰው የማያየውን ነገር አእምሮው እንዴት አድርጎ እንደሚሞላለት ነበር። በእያንዳንዳችን ዓይን ውስጥ ምንም የማያይ ነጥብ አለ። ጥቁር ሆኖ አይታየንም። አእምሯችን በዙሪያው ካለው ቀለም ተበድሮ ይደፍነዋል፤ ግድግዳ እያየን ከሆነ በግድግዳ፣ ሣር ከሆነ በሣር። ነጥቡ በበሽታ ቀስ እያለ ቢሰፋም መድፈኑን አይተውም። ባዶ መሬት ይሥልና በመሬቱ ላይ ያለውን በርጩማ ይተወዋል። ሰውየው የማያየውን ነገር እንደማያየው አያውቅም። በዚህ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌ ዶክትሬቴን አገኘሁ።

እናቴ ያኔ በስልክ ያለችኝ እንዲህ ነበር። «የዳሞታን ተራራ ከነጫፉ አያለሁ። ደመናው ሲያርፍበት እንኳ አያለሁ። ሰው ግን ከጎኔ ዱብ ይልብኛል፤ ከመሬት የበቀለ ነው የሚመስለኝ። በርጩማውም እንደዚያው ነው። የለም፣ የለም፣ ከዚያ ቅልጥሜን መትቶ አለሁ ይላል።»

አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር። በረዶ ይጥላል፣ እጄ ቀዝቅዟል። «ሞራ ይሆናል እማ» አልኳት። «ቀላል ነገር ነው። አትቸኩዪ፣ ስመጣ እኔው አሳክምሻለሁ።»

ሞራ ያለበት ሰው የዳሞታን ጫፍ ጥርት አድርጎ አያይም። ሞራ ጭጋግ ነው፤ ሁሉንም እኩል ያደበዝዛል። እሷ የነገረችኝ ጭጋግ አልነበረም፤ እኔ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ የጻፍኩበትን ነገር አንድ በአንድ ነበር የዘረዘረችልኝ። አውቶቡሱ መጣ፣ ተሳፈርኩ።

ሶዶ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኔ ላይ፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተር ጌታሁን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ጎድጎድ ያለ ነጭ ሳህን የሚመስል መሣሪያ ፊት አስቀምጦ አገጯን አስደገፋት፣ ቁልፍ አስጨበጣት፤ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር እንድትጫን ነገራት። ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ። ከላይ ብልጭ አለ፤ እናቴ ዝም። ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፤ ዝም። ተማሪ ጥያቄ እስኪመጣለት እንደሚጠብቅ ተዘጋጅታ፣ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች። ብርሃኑ በዙሪያዋ እንደ ዝናብ ይወርዳል። መሃል ላይ ሲደርስ ብቻ ጠቅ አደረገች። እንደገና መሃል፤ ጠቅ።

«ይሄ መሣሪያ ሰነፍ ነው» አለች ስንጨርስ። «ብዙ አስጠበቀኝ።»

ዶክተሩ እሷን አግዳሚው ላይ እንድትቀመጥ ወደ ውጭ ልኮ ወረቀቱን አሳየኝ። ወረቀቱ ጠቁሯል። መሃሉ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጭ ቀርታለች።

«ግላኮማ ነው» አለኝ። «ግራው ብርሃንም አይለይም። በቀኙ የቀረላት ይህችው ብቻ ናት። የሄደው አይመለስም፣ አንተም ታውቀዋለህ። ይህችን ለማቆየት ግን በቀን ሁለት ጊዜ ጠብታ፣ ሳይቋረጥ። ከጠበቅናት ዓመታት ልትቆይ ትችላለች። ማን ይንገራት? አንተ ወይስ እኔ?»

«እኔ» አልኩ።

ከቢሮው ስወጣ እናቴ ድምፅ ወደሰማችበት ዞረች። ቁልፍ በምታክል ቀዳዳዋ ፈልጋ አገኘችኝ። ያን ፊት እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። ጊፋታ ሲደርስ፣ አዲስ ዓመት ሊገባ፣ ልጆች አዲስ ልብስ የሚጠብቁበት ፊት ነበር።

«በሰለ?»

የማልነግራት ለእሷ አዝኜ እንደሆነ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ብነግራት ቀጥሎ የምትጠይቀኝን ስለማውቅ ነው፤ ያኔ በስልክ ምን አልከኝ?

«ትንሽ ይቀረዋል» አልኩ።

«አላልኩም? ለፋና ነግሬያት ነበር። ይሄስ ምንድን ነው?»

«ጠብታ ነው። ጠዋትና ማታ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ባለበት ያቆመዋል።»

«ያቆመዋል?»

«አዎ። ወደፊት እንዳይሄድ።»

ብልቃጧን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። እስከ ቤት ድረስ አልተናገረችም። ዝምታዋን ዕረፍት አድርጌ ቆጠርኩት።

ፋና ልታደርግላት ስትል እናቴ አሻፈረኝ አለች። «ይህ እጅ ቅቤ ሲመዝን የኖረ እጅ ነው። አንድ ጠብታ አይስትም።» ጠዋት ከጸሎቷ በኋላ፣ ማታ ከእራት በፊት፣ ብልቃጧን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ብልቃጧ ዶክተሩ ባለው ጊዜ አለቀች፣ ሌላ ገዛሁ፤ እሷም በጊዜዋ አለቀች። እኔ የሚለካ ነገር ሲለካልኝ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ሌላ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ ላይ ዓይኗን በጥቁር ሻሽ ማሰር ጀመረች። «ብርሃን ይወጋኛል» አለች። ይህም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ የክረምት ተማሪዎች ሰጥተውኝ ስለ ስሜት ሕዋሳት አስተምር ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮዬን ዘግቼ ውጭ አገር የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን እከፍታለሁ። ልሂድ ወይ ልቅር ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ሶዶ ስሆን ቱርኩ፣ ቱርኩ ሳለሁ ሶዶ የምል ሰው ነኝ፤ ሁለቱም ቦታ ያለሁ አይመስለኝም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሄጄ አየኋት። ሻሿን እንዳሰረች ተቀምጣለች። አንዲት ሴት በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አቀበለቻት። እናቴ በአውራ ጣት ጥፍሯ ሰንጥቃ ገመሰችው፣ አጎንብሳ አሸተተችው፣ በክንዷ ግንባሯን ጠረግ አደረገችና ቀና አለች።

«የኔ እኅት፣ ይሄ ትናንት የተናጠ ነው አልሽኝ?»

«ትናንት ነው።»

«የትናንት ሳምንት። ላሚቱ ራሷ ረስታዋለች።»

ሴቶቹ ሳቁ። ባለቅቤዋም ሳቋ አመለጣትና ዋጋውን ቀነሰች። «ጌታ ዓይን ሲይዝ አፍንጫ ይሰጣል» አለችኝ ከጎን የተቀመጠችው። ደስ አለኝ። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ፣ ስም ሳልጠራ፣ የአንዲት ቅቤ ነጋዴን ታሪክ ነገርኳቸው፤ አንዱ ስሜት ሲደክም ሌላው እንደሚበረታ። አድገው የታወሩ ሰዎች አፍንጫ ይበልጥ ስል ይሆናል የሚለው ነገር ጥናቶቹ ውስጥ እንደማይጸና አውቅ ነበር። ቢሆንም ነገርኳቸው። ተማሪዎቹ ጻፉት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይ እየጠጣሁ እናቴ ከመኝታ ቤቷ ጮኸች።

«ይስሐቅ! ፋና! ኑ! በሰለ!»

አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሻሹ እጇ ላይ ነው። ሁለቱ ዓይኖቿ ተከፍተው ወደ መስኮቱ ዞረዋል፣ ከመስኮቱ የሚገባው የዝናብ ቀን ነጣ ያለ ብርሃን ፊቷን ሞልቶታል። እየሳቀች ነበር።

«ምንም የለም» አለች። «አንድም የለም። ጥቁር እንኳ አይደለም፤ ምንም ነው። የባዳቾ እንዲህ አልሆነለትም፣ እሱ ጥላ ጥላ ያይ ነበር። የኔ ጥርት ብሎ በሰለ።»

ፋና አቀፈቻት። ለእሷም ምንም አልነገርኳትማ፣ ለምን አታቅፋት? አቶ ባዳቾን ልትጠራ እየሮጠች ወጣች።

«እማ» አልኩ። «ጠብታውን ታደርጊ ነበር?»

ፈገግታዋ እንዳለ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች፤ ስኳር ስትሰርቅ የተያዘች ልጅ ትመስል ነበር። «አትቆጣኝ። አንተው ነህ ያቆመዋል ያልከው። ቅቤው እንዳይበስል የፈለገ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። እኔ እንዲበስል ነው የምፈልገው፣ ምን ብዬ ላቁመው? የአንተንም ልብ እንዳልሰብር ጠዋትም ማታም መሬት ላይ አንጠባጥቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«ሻሹስ?»

«ሙዝ እንኳ የሚበስለው ሲሸፈን አይደል?» ሻሹን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማጣጠፍ ጀመረች። «ሁለት ወር ሸፈንኩት። መጀመሪያ መጀመሪያ አስቸገረኝ፤ በመሃል ያለችው ታሳሳኝ ነበር። ቆይ፣ አልኳት፣ አንቺ ስትዘጊ ነው ሌላው የሚከፈተው።»

እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ነገርኳት። ሞራ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ የሚበስል ነገር የለውም፣ የሚወጣም የለውም። ቀስ ብዬ፣ በለስላሳ ቃል፣ በአማርኛም በወላይትኛም ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ እጄን መታ መታ አደረገች።

«ፈርተህ ነው። ባዳቾም ሊቀደድ ሲል ልጁ እንዲህ ፈርቶ ነበር።»

አቶ ባዳቾ ባርኔጣቸውን እንደደፉ ገቡ። «የት አለች ባለምስራቿ?»

«ባዳቾ፣ ይሄ ልጅ አይበስልም እያለኝ ነው።»

«ማን? ዶክተሩ?» አቶ ባዳቾ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ዶክተሬ፣ አንተ መርፌ የማትወጋ ዶክተር ነህ። ወረቀት ላይ የተሣለ ዓይን ነው ያጠናኸው። እኔ ይሄን ዓይን» የራሳቸውን በጣት ነካ አደረጉ፣ «በቁሜ አውጥተው አጥበው መልሰውልኛል።»

«አቶ ባዳቾ፣ የእርስዎ ሌላ በሽታ ነው።»

«ሁሉም ሰው የኔ ሌላ ነው ይላል። አረካ ላይ የዓይን ዘመቻው ከነገ ወዲያ ነው። እኔ እወስዳታለሁ። ሦስት ጊዜ ተሰልፌበታለሁ፣ ሰልፉን እንደ ውሃ ነው የማውቀው።»

ከቤት ወጥቼ ለዶክተር ጌታሁን ደወልኩ። ጠብታው መቋረጡን ነገርኩት። «ግፊቱ እንዳያሳምማት ዛሬውኑ አምጣት» አለ። ስለ ማየት ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እናቴ አልሄድም አለች። «የሚያቆመው ሰውዬ? አሁን ደግሞ ምኑን ሊያቆም?»

ቅዳሜ በሚኒባስ አረካ ሄድን፤ እናቴ፣ አቶ ባዳቾ፣ ፋናና እኔ። እናቴ የጊፋታ ልብሷን ለብሳለች። መንገዱን ሁሉ ከፊት ወንበር ከተቀመጡት ሴቶች ጋር ስታወራ፣ ዓይኗ ሲከፈት መጀመሪያ የማንን ቅቤ እንደምታጋልጥ ስትነግራቸው፣ ሚኒባሱ በሙሉ ሲስቅ ደረስን።

አዳራሹ ደጃፍ ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። የተመረጡት ግንባራቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎላቸዋል፤ ፕላስተሩ ከየትኛው ዓይን በላይ ከሆነ የሚቀደደው ያ ነው። አቶ ባዳቾ በየሰልፈኛው ፊት እየዞሩ ለእናቴ ይነግሯታል። «ይሄኛው ቀኙ ነው። ያቺ ሁለቱም፣ ታድላ!» እናቴ በጣቷ ግንባሯን ታሻሻለች፤ ለፕላስተሩ ቦታ የምታዘጋጅ ይመስል።

የምትመረምረው ሜላት የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች፤ ስሟን ደረቷ ላይ አንጠልጥላለች። እናቴን አስቀመጠቻትና ባትሪዋን አበራች።

«እማማ፣ መብራቱን ያያሉ?»

«አዎ።»

«ከየት በኩል ነው?»

እናቴ አመነታች። «ከቀኝ።»

ባትሪው ከግራ ነበር። ሜላት ወደ ቀኝ ወሰደችው። «አሁንስ?»

«አሁን... ከላይ።»

«አሁን?»

እናቴ ወደ ድምፁ ጎንበስ አለች። እጇን ዘርግታ የነርሷ ክንድ ላይ አሳረፈች፣ ክንዱን ተከትላ ባትሪው ጋ ደረሰች፣ ትኩስነቱን በጣቷ ነካችና፣ «ይኸው እዚህ ነው» አለች።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሜላት አልሳቀችም። ሁለቱን ዓይኖች ገልጣ ተራ በተራ አየች፣ በጣቷም በዓይን ቆብ ላይ ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ ባትሪውን አጥፍታ ከፊቷ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ይሄ ሞራ አይደለም። ቀዶ ጥገናው አይረዳዎትም።»

«አልበሰለም?»

«የሚበስል ነገር አይደለም እማማ። የዓይንዎ ጅማት ነው የሞተው። ከዚህ በፊት ታይተው ነበር? የነገረዎት ሰው የለም?»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ጫጫታ ነበር፤ ወንበር ይጎተታል፣ ስም ይጠራል። እናቴ ፊቷን ወደዚህ ወደዚያ አዞረች። የት እንደቆምኩ እየፈለገች ነበር፤ አልተናገርኩም፣ ስለዚህ አላገኘችኝም።

«የለም» አለች።

ውጭ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አቶ ባዳቾ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙት። ትንሽ ቆይተው ውሃ ላምጣ ብለው ሄዱና ዘገዩ።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለችኝ።

«ሰኔ።»

«ያን ቀን? መሣሪያው ጋ?»

«ያን ቀን።»

«ሰኔ። ሐምሌ። ነሐሴ።» ጣቷን አንድ አንድ እያጠፈች ቆጠረች። «ያኔ ቀዳዳዋ ነበረችኝ።»

«አዎ።»

«ብትነግረኝ ጨርቁን አላስርም ነበር። እስከ ዛሬ አይ ነበር።»

ሰው እንዲህ ሲጨንቀው ለምን እንደዚህ ያለ ጥያቄ እንደሚወጣው አላውቅም። «ምን?» አልኳት።

«ምንም ይሁን። ግድግዳውን።»

ፋና ከአጠገቧ ቆማ ሰምታናለች። ወደ እኔ አላየችም፤ እናቷን ብብቷ ስር ይዛ አነሳቻት።

ሶዶ ስንደርስ እናቴ ገበያ አውርዱኝ አለች። ጊፋታ ስለቀረበ የቅቤው ተራ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ፣ «ሳሮ አሳየሽ፣ ወጣልሽ?» እያሉ ሰላም ይሏታል፤ እሷም በጭንቅላቷ ብቻ እየመለሰች አለፈች። ቦታዋ ላይ አልተቀመጠችም። መጀመሪያ ያገኘቻት፣ የማናውቃት የገጠር ሴት ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች። ሴትዮዋ ጥቅሉን ሰጠቻት። እናቴ በጥፍሯ ሰነጠቀች፣ አጎነበሰች፣ አሸተተች። ክንዷ በልማድ ወደ ግንባሯ ወጣ፣ አየር ላይ ቀረና ወረደ። እንደገና አሸተተች። ሴትዮዋ ቀና ብላ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች።

«ጥሩ ነው» አለች እናቴ። ገዛችው። ዋጋ አልተከራከረችም።

ቤት ገብተን ፋና ኮባውን ፈታችው። ቅቤውን በቢላዋ ለሁለት ከፈለችና ዝም አለች። እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ያን ዝምታ ሰማች።

«ቀለሙን ንገሪኝ።»

«ቢጫ ነው እማ» አለች ፋና ፈጥና። «ጥሩ ነው። የሚያምር ለጋ።»

«ይስሐቅ?»

ፋና ከእናቴ ጀርባ ሆና አየችኝ። ጭንቅላቷን ወዘወዘች፤ ቀስ ብላ፣ ለምና። ምን እንደምትለኝ አውቄያለሁ። እናቴ ግን ፊቷን በትክክል ወደ እኔ አዙራ፣ ከንፈሯን ትንሽ ከፍታ ትጠብቃለች፤ ከዚህ በኋላ የምታምነኝ በዚህ በምመልሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስት ወር የደበቅሁትን እውነት አሁን የምከፍል መሰለኝ።

«ዳር ዳሩ ቢጫ ነው» አልኩ። «ውስጡ ነጭ ነው። የሚረጋ ዘይት ተቀላቅሎበታል። ግማሹ ዘይት ነው።»

እናቴ ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተቻቸው።

«አልሸተተኝም» አለች። «ሰው ስለ አፍንጫዬ የሚያወራውን እኔም አምኜው ነበር። ሳሸት ሻሹን በክንዴ ትንሽ ከፍ አደርገው ነበር እኮ። በዚያች ቀዳዳ ሴትዮዋን አያታለሁ። ዘይት የቀላቀለች ሴት ሳሸትባት ዓይኗን ትሰብራለች፣ ወይ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ያወቅሁት ሁሉ እንዲያ ነው። አፍንጫዬ ለማስፈራሪያ ነበር።»

«እማ፣ ፋና አብራሽ ትቀመጣለች፤ እሷ እያየች—»

«ሠላሳ ዓመት የሰውን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ምን አይታ?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ደጋግማ፣ ቅቤው ያልነካውን ጭምር። «ፋና፣ አጠገቤ የምትቀመጠውን አስካለችን ነገ ሄደሽ ንገሪያት። መቀመጫዬን ትውሰደው። ሚዛኑንም ትውሰድ። ከጊፋታ በፊት ይሁን፣ ገበያው ሳይበርድ።»

ተነሣች። ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች መኝታ ቤቷ ገባችና በቀን፣ ከነልብሷ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኛች። በቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

ፋና ቅቤውን በኮባው ጠቅልላ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። ቆሻሻ የምንጥልበት ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጥቅሉን ይዛ ቆማለች፤ ካፊያ ጀምሯል።

«ምን ልበላት ነበር?» አልኩ። «ደግሜ ልዋሻት?»

«ሦስት ወር ሙሉ ዋሽተህ» አለች፣ ሳትዞር፣ «እውነት ያማረህ ዛሬ ነው? ዛሬን ብቻ ቢያልፋትስ? ነገ ብትነግራትስ? ወንድሜ፣ አንተ የምትናገረው ለሷ መቼም አይደለም።»

ጥቅሉን ወረወረችው። ከውስጥ እናቴ ተጣራች። የጠራችው ፋናን ነው። ፋና እጇን በዝናቡ ውሃ አለቅልቃ በአጠገቤ አልፋ ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ስሜ ይከተል እንደሆነ ጠበቅሁ። ሁለቱ በወላይትኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩ ጀመር፤ ካፊያው ቆርቆሮው ላይ እየበረታ ስለመጣ ምን እንደሚሉ መስማት አቃተኝ።